የማረፊያው ብረት

ከወረታ ወደ ሐሙሲት የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ወደ ጣና ወገን የተመለከተ መንገደኛ የሚያየው ሩዝና ሰማይ ብቻ ነው። ልብ ብሎ ካየ ግን ከሩዙ መሃል እንደ መደብ ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ የሣር መሬት ያገኛል። እንዲያ ቀጥ ያለ ነገር እግዜር አልሠራም፤ ያሠራው ደርግ ነው። ደርግም ቢሆን በሰው ጉልበትና በሰው ከብት ነው ያሠራው። አገሬው ማረፊያው ይለዋል። በአንደኛው ጫፍ፣ ከጉብታው ላይ፣ ጣሪያው የተነሣ የስሚንቶ ክፍል አለ፤ ስሙ ጆሮ ቤት ነው። ከጆሮ ቤቱ ደጅ በቆመው የብረት ምሰሶ ላይ የአሮጌ አውሮፕላን ጎማ ቸርኬ ተንጠልጥሏል። ያንን ቸርኬ ያለ ምክንያት የመታ ሰው በዚያ አገር ጤና የለውም ማለት ነው። እናኑ ግን መታችው። ያውም በግንቦት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጠብታ ውኃ በሌለበት።

እናኑ አጭር፣ ደረቅ ያለች፣ ስትናገር ዱላዋን መሬት ላይ የምትተክል ሴት ናት። ልጅ አሳድጋ ድራለች፤ የልጅ ልጅ እየጠበቀች ነው። ሌላው ሁሉ ከብቱን ሸጦ ሩዝ ሲዘራ እሷ ላሞቿን አልሸጥም ብላ የቀረች ናት። ባሏ የኔታ ያየህ የደብሩ የዜማ መምህር ነበሩ፤ ዛሬ ጆሯቸው ስለከዳቸው ትምህርቱን ለተማሪዎቻቸው ለቀው ከጆሮ ቤቱ ጥላ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። «ጆሮህን ለመንግሥት ሰጥተህ ለእኔ መደንቆርህን አመጣህልኝ» ትላቸዋለች። እሳቸው አይሰሟትም፤ ምን እንዳለች ግን ያውቃሉ፤ ይስቃሉ።

ነገሩ የሚጀምረው በጦርነቱ ጊዜ ነው። የትኛው ጦርነት ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አይፈረድበትም፤ አገራችን ጦርነት ቸግሯት አያውቅም። ይኸኛው ደርግ ሊወድቅ ሲንገዳገድ የነበረው ነው። ወታደሮች መጡና የአገሩን የወል ግጦሽ አውሮፕላን ሊያርፍበት ነው ብለው ያዙት። ገበሬው ከየቤቱ እየተጠራ አፈር ተሸከመ፤ ድንጋይ ተሸከመ። የመጣው መዳመጫ መኪና ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ያን ጊዜ ከብት ይምጣ ተባለ። አገሬው አውድማ ሲያዘጋጅ እንደሚያደርገው ሁሉ ከብቱን ወዲያና ወዲህ እየነዳ አስረገጠ፤ በእበት ለቀለቀ፤ እንደገና አስረገጠ። እናኑ ያኔ ያልተዳረች ልጅ ነበረች። የአባቷን ከብት ከኋላ እየነዳች በጋውን ሙሉ ከዚያው ላይ ከረመች። መሬቱ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ በኋላ አዛዡ ወጣና ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ እዚህ ላይ የተገኘ ከብት ይገደላል፣ የነዳው ሰውም እንደዚያው፣ አለ። እናኑ ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ላሟ የሠራችውን መሬት ላሟ እንዳትረግጠው ከለከሏት።

ጆሮ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሬዲዮ የሚያዳምጡ ወታደሮች ነበሩ። ጠላት ሲነጋገር ይሰማሉ፤ ወገን ሲጠራራ ይሰማሉ፤ የሰሙትን ለአዛዡ ብቻ ይናገራሉ። ከነሱ አንዱ ያየህ ነበር። ዜማ ሊማር መምህሩ እግር ሥር በተቀመጠበት ታፍሶ የተወሰደ ተማሪ ነው። ጆሮው ንቁ ነው ተብሎ በጠመንጃ ፋንታ ማዳመጫ ተሰጠው። ድጓ ሊሰማ የነበረ ጆሮ የሚያፏጭና የሚንጫጫ ነገር፣ አልፎ አልፎም ድረሱልኝ የሚል ሰው ድምፅ ሲሰማ ይውላል። እናኑ ጠዋት ጠዋት ወተት ታደርስላቸው ነበር። ያየህ ወተቱን ሲቀበል ቀና ብሎ አያያትም፤ እሷ ግን አይታዋለች።

በሐምሌ፣ ከፎገራ ሜዳ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ በዋለበት ቀን፣ ያየህ በሬዲዮው ሌላ ነገር ሰማ። ከላይ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ የሰፈረው የወገን ጦር ነበር የሚጮኸው። ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ የጉማራን ወንዝ ሞልቶታል፤ ድልድይ አልፏል፤ መኪና ወስዷል። ያየህ ለአዛዡ ነገረ። አዛዡ የጦሩ ቦታ ይታወቅብናል ብሎ ወሬው ከክፍሉ እንዳይወጣ አዘዘ። ያየህ ማዳመጫውን አወለቀ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ወጣ። ከደጅ ባዶ ቅሏን ልትወስድ የቆመችውን እናኑን አገኛት።

«ከብታችሁን አውጡ፤ ውኃ እየመጣ ነው» አላት።

«በዚህ ፀሐይ?»

«ከላይ ነው የሚመጣው። ሰምቼዋለሁ።»

«ወዴት እናውጣው ታዲያ? አገሩ ሁሉ ሜዳ ነው።»

ያየህ ማረፊያውን ዞሮ አየ። እናኑም ሌላ አልጠየቀችም። እየጮኸች ወደ መንደር ሮጠች፤ የአባቷን ከብት ፈታች፤ ቡሬ የምትባለውን መሪ ላም ከፊት አድርጋ ወደ ማረፊያው ነዳች። ዘቡ ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ቁሚ። እተኩሳለሁ።»

«ተኩስ» አለችው። «ያስረገጥሁት እኔ ነኝ፤ ከላዩ ላይ ብሞት እንግዳ ቦታ አይሆንብኝም።»

ዘቡም የገበሬ ልጅ ነበር። ቡሬን አያት፣ ልጅቷን አያት፣ አፈሙዙን ዝቅ አደረገ። ቡሬ ወጣች። ከእሷ ኋላ ቃሏን ያመነ ሰው ከብት ሁሉ ተከተለ፤ ከከብቱ ኋላ ሰው፣ ከሰው ኋላ ውኃው። በዚያው ቀን አንድ አውሮፕላን መጥቶ ደጋግሞ ዞረ፤ ከብት በሞላበት ላይ የሚያርፍበት ቢያጣ ተመልሶ ሄደ። ያየህን ሁለት ወታደሮች የኋሊት አስረው በመኪና ወሰዱት። ደርግ ሲወድቅ ከእስር ቤት በእግሩ ተመለሰ። የሄደው ወደ አባቱ ቤት አይደለም፤ ወደ እናኑ አባት ቤት ነው።

ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስበው ሕግ አቆሙ። ከብቱን ይዞ ለወጣ ቤት ሁሉ፣ በወጣበት ተራ፣ ማረፊያው ላይ ቦታ ተሰጠው፤ በየቦታው ድንጋይ ቆመ። የመጀመሪያው ድንጋይ፣ ከመግቢያው ላይ ያለው፣ የእናኑ ነው። ማረፊያው አይታረስም፤ ቤት አይሠራበትም። ወታደሮቹ ጥለውት የሄዱት ቸርኬ ከምሰሶው ተሰቀለ። ቸርኬው ከተመታ የሰማ ሁሉ ሰማዩን ሳያይ፣ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ከብቱን ይነዳል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሰማዩን ያዩት ናቸው ከብታቸው ያለቀው። ውኃ ሳይመጣ የመታ ሰው ደግሞ ቦታውን ያጣል። ይህን ሕግ ማንም ተላልፎት አያውቅም ነበር።

እንግዲህ ዘመኑ ሌላ ሆነ። ሩዝ መጣ፤ ሩዝ አገሩን አበላ፤ ግጦሹን ግን እሱም በላው። ልጆች ተወለዱ፤ ጎጆ ወጡ፤ መሬት አጡ። ከነሱ አንዱ የእናኑ ልጅ ሰውመሆን ነው። ሰውመሆን ሰነፍ አይደለም፤ ክፉም አይደለም። እየሩስ የምትባል ጨዋ ልጅ አግብቶ በተከራየው መሬት ሩዝ ይዘራል። አምና ውኃ ሲመጣ ከብቶቹን ይዞ ማረፊያው ድረስ ሄዶ ነበር። ቦታ የለውም፤ የእናቱም ቦታ በላሞቿ ሞልቷል። ከዳርቻው፣ ውኃው ውስጥ ቆሞ ሲጠብቅ አንዲት ጊደሩን ጎርፉ ከእጁ ነጥቆ ወሰዳት። ያቺን ጊደር እናቱ ናት ለጎጆ መውጫው የሰጠችው። እናኑ ከላይ ሆና አይታለች። ሁለቱም ስለዚያ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

በዚህ ዓመት ሰውመሆንና ጓደኞቹ ተደራጁና ማረፊያው እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ቀበሌውም ሥራ ላጣ ወጣት ይሁን ብሎ ፈቀደ። ከፍታው በዶዘር ተገፍቶ ከሩዙ መሬት ጋር እኩል ይሆናል፤ ውኃ ይተኛበታል፤ ይዘራል። ቦታ ያላቸው ሰዎች ልማት ሊመጣ ነው ከመባሉ በቀር የተነገራቸው የለም። እናኑ ወሬውን ስትሰማ ልጇ ቤት ሄደች፤ አረፍ በይ ስትባል እንኳ አልተቀመጠችም።

«ማረፊያውን ልታርሰው ነው አሉኝ።»

«እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እማ። ሁላችንም ነን።»

«ውኃው ሲመጣስ?»

«ውኃው ሲመጣ በስልክ እንሰማለን። ከብትም ቢሆን በጊዜ ይሸጣል።»

«ስልክ? አንድ ቀን ሠርቶ ወር የሚጠፋው ስልክ? ይኸው ጦርነቱ እንደገና መጣ፤ በሰማይ የሚያንጎራጉረው ነገር ሰው እንኳ የለበትም ይላሉ። ስልካችሁን ማን እንደሚዘጋው ታውቃለህ?»

«እማ፣ እናንተ ቦታ አላችሁ» አለ ሰውመሆን። «እኛ ከዳር ቆመን ነው የምናየው። የኔ ጊደር ስትሄድ ያ ሕግ ምን አደረገልኝ?»

ልጇ እውነቱን ነው፤ እውነቱን መሆኑም ይበልጥ አናደዳት። ዱላዋን አንሥታ ወጣች።

ዶዘሩ ከወረታ መጣ። ነጂው ታደለ የሚባል ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ ከመግቢያው ጀመረ። መጀመሪያ የነካው የእናኑን ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ተጋደለ። እናኑ ከፊቱ ቆመች። ታደለ ሞተሩን አበረደና ከላይ ሆኖ፣ «እናቴ፣ እኔ ታዝዤ ነው» አላት።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ከዚህ ላይ ታዝዞ ያልመጣ ሰው አላየሁም።»

ታደለ ሳቀ። ሰውመሆን ግን አልሳቀም። ጓደኞቹ እያዩት ነው። መጥቶ ክንዷን ያዘ፤ አልጎተታትም፤ በቀስታ ነው ያወጣት፤ ልክ በሽተኛ እንደሚወሰድ። እናኑን ካንገበገቧት ነገሮች ሁሉ ይሄ ባሰባት። ወታደር ካላወጣት ቦታ ልጇ በእጁ ይዞ አወጣት።

ከዚያ ወደ ጆሮ ቤቱ ወጣች። የኔታ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከግድግዳው ሥር ያለውን የመምቻ ብረት ስታነሣ ብድግ አሉና እጇን ያዙት።

«ውኃ አለ?» አሉ፣ የማይሰማ ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብለው።

ራሷን ነቀነቀች፤ የለም።

«ቦታሽን ታጪያለሽ።»

እናኑ በብረቱ ወደ ታች አመለከተች። የኔታ ዶዘሩን አዩ፤ ድምፁን ስላልሰሙ መምጣቱንም ያወቁት አሁን ነው። ልጃቸው ከዶዘሩ ጎን ቆሞ እጁን እያወዛወዘ መንገዱን ያሳያል። የኔታ ከዚያ የእናኑን እጅ ለቀቁና መዳፋቸውን ምሰሶው ላይ አሳረፉ። ጆሯቸው ባይሰማው እጃቸው እንዲሰማው ፈለጉ።

እናኑ መታችው። ክንዷ እስኪዝል መታችው።

አገሩ ተነሣ። ማንም ሰማዩን አላየም፤ ማንም ለምን አላለም። ከየጓሮው ከብት ተፈታ፤ በሬ ከቀንበር ተለቀቀ፤ የታመመ በቃሬዛ ወጣ። ቡራቡሬው የፎገራ ከብት እያገሳ ማረፊያውን ሞላው፤ እያንዳንዱም ቦታውን ያውቅ ይመስል ከየድንጋዩ አጠገብ ቆመ። ዶዘሩ ከመሃል ቀረ። ታደለ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ አየና ሞተሩን አጠፋው። አቧራው ሲበርድ ሰዉ ውኃውን ፈለገ። ሜዳው ደረቅ ነው፤ ጉማራም ከመኝታው አልተነሣም።

ደብረወርቅ የምትባል ገና ከአራስ ቤት የወጣች ሴት ሕፃኗን ታቅፋ፣ ላብ እያጠመቃት፣ እናኑ ፊት መጥታ ቆመች።

«ውኃው የታለ፣ እትየ እናኑ?»

«ውኃው በክረምት ይመጣል።»

«ታዲያ ምነው እርስዎ ገደሉን? ይኸን ልጅ ይዤ እኮ ነው የሮጥሁት።»

«በክረምት ብመታውስ ወዴት ትሮጪ ነበር?» እናኑ ዱላዋን ወደ ዶዘሩ ዘረጋች። «ይኸውልሽ፤ ማረፊያውን ሊወስደው የመጣው ይኼ ነው። ያን ጊዜ ልጅሽን ይዘሽ የምትቆሚበት አይኖርም። ዛሬ እያለ እዪው ብዬ ነው የጠራሁሽ።»

ደብረወርቅ የተጋደለውን ድንጋይ አየች፤ የተገፋውን አፈር አየች። ሄዳ ከዶዘሩ አፍ ፊት ለፊት ቁጭ አለችና ልጇን ማጥባት ጀመረች። ሌሎቹም ሴቶች አጠገቧ ተቀመጡ። ታደለ ከላይ ወርዶ ፊቱን ጠረገ፤ «እኔ በጡት ላይ አልነዳም» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በማግሥቱም ከብቱ ከዚያው ዋለ፤ በሦስተኛውም። ዶዘሩ በመጣበት ተመለሰ። ቀበሌው ነገሩ ከክረምቱ በኋላ ይታያል አለ። ወጣቶቹም ከመስከረም በኋላ እናመጣዋለን ብለው ፎከሩ። ሰውመሆን እናቱን ሳያናግር ሄደ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ከደጀ ሰላሙ ተቀመጡ። ነገሩን የያዙት የደብሩ አለቃ አባ መንግሥቴ ናቸው። አባ መንግሥቴ መፍረድ አልፈለጉም፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ሰዉም፣ ለኛ ብላ ነው ያደረገችው፣ ይታለፍላት፣ እያለ ያጉረመርም ጀመር። እናኑ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች።

«አባታችን፣ ይፍረዱ።»

«ሕዝቡ ይቅር ብሎሻል እኮ፣ ልጄ።»

«እኔ ይቅር አልልም። ዛሬ ለእናኑ ከተለቀቀ ነገ የሚመታው ይበዛል። የመታው ሲበዛ የሚነሣ ይጠፋል። በእውነት ውኃ የመጣ ቀን ብረቱ ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ይፍረዱ እንጂ። ላሞቼን ይዤ ከዳር እቆማለሁ።»

አባ መንግሥቴ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ፈረዱ። እናኑ ቦታዋን አጣች። በሕጉም መሠረት የተለቀቀ ቦታ የሚሰጠው ቦታ ለሌለው፣ ለመጨረሻው አዲስ ጎጆ ነው። የመጨረሻው አዲስ ጎጆ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንገቶች ወደ ሰውመሆን ዞሩ።

«እኔ አልወስድም» አለ ሰውመሆን፣ ፊቱ ቀልቶ።

«ስጦታ መሰለህ እንዴ?» አሉት አባ መንግሥቴ። «ፍርድ ነው። ትወስዳለህ።»

እናኑ ይህ እንደሚመጣ አታውቅም ነበር የሚል ካለ እናኑን አያውቃትም። ብረቱን ስታነሣም ታውቅ ነበር። ቤቷ ስትገባ ግን ለላሞቿ ሣር እየሰጠች አለቀሰች። ለየኔታ ጢሱ ነው አለቻቸው፤ እሳት አልነደደም ነበር።

ክረምቱ ገባ። ሩዙ አረንጓዴ ሆነ። በነሐሴ፣ ማለዳ ላይ፣ ጉም ሳይገፈፍ፣ ብረቱ ጮኸ። እናኑ ከበረቱ ነበረች። ማን እንደመታው አላየችም፤ አመታቱ ግን የጠነከረ ክንድ ነው፤ ሳያቋርጥ ነው የሚመታው። ላሞቿን ፈታች፤ የኔታን ቀሰቀሰች፤ ጥጃዎቹን አስቀደመች። መንገዱ ላይ ውኃው ቁርጭምጭሚቷን ያዘ፤ ቀጥሎ ጉልበቷን። ሩዙ ከውኃው ሥር ገብቶ ጠፋ። ማረፊያው ከፊቷ እንደ ደሴት ታየ፤ ከብቱ ሞልቶታል፤ ከመግቢያው ያለው የመጀመሪያው ቦታ ግን ሰፊ ነው። እየሩስ ከዚያ ላይ ሁለት ላሞች ይዛ ቆማለች፤ ሆዷ ገፍቷል።

እናኑ ከተጋደለው ድንጋይ በታች፣ ውኃው ውስጥ፣ ቆመች። ላሞቿን በዱላ አገደቻቸው። የኔታ ከኋላዋ ዳዊታቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ይጠብቃሉ።

ሰውመሆን ከጆሮ ቤቱ እየሮጠ ወረደ። የመምቻው ብረት ገና እጁ ላይ ነው፤ መዳፉ ደምቷል። እናቱን ሲያያት አመዱ ቡን አለ።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ እማ? ውጪ እንጂ።»

«ቦታው የማን ነው?»

«አሁን የሱ ሰዓት ነው?»

«ቦታው የማን ነው አልሁህ።»

ውኃው ጥጃዎቹን ሊያነሣቸው ደርሷል። ሰውመሆን ባለፈው ዓመት እሱ የቆመበት ላይ የቆመችውን እናቱን አያት።

«የኔ ነው።»

«እንግዲያስ ታስወጣኛለህ ወይ?»

«ውጪ፣ እማየ። ውጪ።»

ወደ ውኃው ገብቶ ጥጃዎቹን አንድ በአንድ እየታቀፈ አወጣ። ላሞቹ ተከተሉ፤ ቦታውን ስለሚያውቁት የነዳቸው የለም፤ እየሩስም የራሷን ሁለት ላሞች ወደ ጥግ አስጠጋችላቸው። አባቱን ደግፎ አወጣ። እናኑ የመጨረሻ ወጣች። ከእግሯ ጭቃውን አራግፋ፣ ዱላዋን መሬቱ ላይ ተከለች። እየሩስን፣ ሆዷን፣ ከዚያ ልጇን ተራ በተራ አየች።

«በል እንግዲህ» አለችው። «ያንተ ሆነ። እረሰው።»

ሰውመሆን የመምቻውን ብረት ለአባቱ ሰጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ዶዘሩ ያጋደለውን ድንጋይ በሁለት እጁ አቅፎ አቆመው፤ ሥሩንም በእግሩ ደጋግሞ ረገጠው።